«ማስተር» እና «ስሌቭ» የሚሉትን ስሞች ከኮዳችን እናውጣቸው ወይስ እንተዋቸው?

የመክፈቻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ወደ ኮዬ ፈጬ በሚወስደው መንገድ፣ ኮንዶሚኒየም ሥር ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ፕሮግራሚንግ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ 11 ናቸው። ፕሮጀክተር የለንም፤ ያለን ነጭ ሰሌዳና ማርከር ነው። የዛሬ ሁለት ሳምንት ትምህርቱ ስለ ዳታቤዝ ነበር። አንዱ ሰርቨር ይጽፋል፣ ሌላው ከሥር ከሥሩ እየተከተለ ይገለብጣል። ሁለት ሳጥን ሣልኩና በላያቸው «ማስተር» እና «ስሌቭ» ብዬ ጻፍኩ። ከፊት የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች። «ስሌቭ» ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀችኝ። እኔም ሳላስብ በአማርኛ ነገርኳት። ጌታና ባሪያ አልኩ።

ክፍሉ ሳቀ። ከኋላ አንዱ የሆነ ነገር ተናገረ፣ በደንብ አልሰማሁትም። ግን ሦስት አራት ልጆች ዞር ብለው ሁለተኛው ወንበር ላይ ያለውን ልጅ አዩት። ልጁ የመጣው ከጋምቤላ ነው። የእስክሪብቶውን ክዳን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ደግሞ ከፈተ፣ ዘጋ። ዓይኑን ከደብተሩ አላነሣም። እኔም እንዳላየ ሆኜ ትምህርቱን ቀጠልኩ። እስካሁን የሚቆጨኝ እሱ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጁ አልመጣም።

ኮድ መጻፍ ከጀመርኩ አሥር ዓመት ሆኖኛል፤ ያንን ቃል ስንት ጊዜ እንደጻፍኩት ፈጣሪ ይወቀው። በእንግሊዝኛ ስጽፈው ምንም አይሰማኝም ነበር። በአማርኛ ከአፌ ሲወጣ ግን ምን እንደሆነ ሰማሁት። ለእኛ ይሄ የታሪክ መጽሐፍ ቃል ብቻ አይደለም። ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው፣ በአያቶቻችን ዕድሜ ማለት ነው። ቃሉ ግን ዛሬም ታክሲ ውስጥ ይሰማል፣ ትምህርት ቤት በር ላይ ይሰማል፣ የሰው መልክ እየታየ ይወረወራል።

ስለዚህ እንዲህ ነው የማስበው። ለቫሪያብልም (ኮድ ውስጥ ዳታ ለሚይዝ ነገር) ሆነ ለሰርቨር ስም ስንሰጥ፣ ስሙን በአማርኛ አድርገን አጠገባችን ለተቀመጠው ሰው ፊቱን እያየን ልንነግረው ካፈርን፣ ሌላ ስም እንፈልግ። ውጭ አገር ነገሩ ከተጀመረ ቆይቷል፤ የኮድ ለውጦችን የሚመዘግብልን ጊት በ2020 እ.ኤ.አ. «ማስተር» የሚለውን ወደ «ሜይን» (ዋና) ቀይሮታል። እናንተስ በየሥራ ቦታችሁ ምን እያደረጋችሁ ነው? በአማርኛስ ምን ብላችሁ ነው የምታስረዱት?

ክሩ በአምስት ቀን 22 መልስ ደርሷል። ዘግይታችሁ ለገባችሁ፣ ማን ምን እንዳለ በየቁጥሩ በራሴ አነጋገር ልንገራችሁ።

1ኛ መልስ። የመጀመሪያው ሰው ከሰሚት ነው የጻፈው፣ በጨዋ አነጋገር። ይስማማል። እነሱ ጋ ከ«ማስተር» በፊት የተቀየረው «ብላክሊስት» እና «ዋይትሊስት» የሚለው ነው፤ አሁን «አላውሊስት» እና «ዲናይሊስት» ነው የሚሉት። በአማርኛ ሲነጋገሩ ደግሞ የተፈቀዱና የታገዱ ይላሉ። የወደደው ስሙ ራሱ ሥራውን መናገሩን ነው። አዲስ የተቀጠረ ልጅ ጥቁሩ የትኛው ነበር፣ ነጩ የትኛው ነበር እያለ መጠየቅ አቁሟል።

2ኛ መልስ። ይሄኛው እኔን አረመኝ፣ ልክም ነው። ጊት ራሱ ስሙን አልቀየረም። በሐምሌ 2020 እ.ኤ.አ. የወጣው የጊት 2.28 ያመጣው ነገር፣ የመጀመሪያውን ብራንች (የኮዱን የሥራ መስመር) ስም ራሳችን እንድንመርጥ የሚያስችል ማስተካከያ ነው። ለአዳዲስ ሪፖዚተሪዎች (የኮድ ማከማቻዎች) «ሜይን» የሚለውን መነሻ ያደረገው በጊት የተያዘ ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ፣ ጊትሃብ ነው፣ ከዚያው ዓመት ከኦክቶበር 1 ጀምሮ። የቆዩት በነበሩበት ቀሩ። የመክፈቻ ጽሑፌን ሳልነካው ትቼዋለሁ፣ ካስተካከልኩት ይሄ መልስ ትርጉም ያጣል።

3ኛ መልስ። 2ኛውን ተከትሎ የመጣ ነው። ነገሩ በ2020 የተጀመረ የሚመስለን ተሳስተናል ይላል። የሎስ አንጀለስ ካውንቲ አስተዳደር ዕቃ አቅራቢዎቹን እነዚህን ሁለት ቃላት እንዳይጠቀሙ የጠየቀው በ2003 ነው። ጃንጎ የተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ በ2014 ቀየረ። የፕሮግራሚንግ ቋንቋው ፓይተን በ2018 ተከራክሮበት ከ3.8 ጀምሮ አወጣቸው፤ ሬዲስ የተባለው ዳታቤዝም በዚያው ዓመት በቁጥር 5 «ሬፕሊካ» (ቅጂ) የሚለውን አመጣ። በ2020 የሆነው፣ ጆርጅ ፍሎይድ በግንቦት ሚኒያፖሊስ ውስጥ ከተገደለ በኋላ ብዙ ድርጅቶች አንድ ላይ መንቀሳቀሳቸው ነው።

4ኛ መልስ። እዚህ ላይ ድምፁ ትንሽ ጠነከረ። «ማስተር» የግድ የ«ስሌቭ» ጥንድ አይደለም ነው የሚለው። የማስተርስ ዲግሪ አለ፣ ዋና ቁልፍ አለ፣ የመጀመሪያው ቅጂ አለ። ጊት ውስጥ «ስሌቭ» የሚባል ብራንች የለም። ታዲያ ዲግሪያችንንም ልንጥለው ነው ወይ ብሎ ጠየቀ።

5ኛ መልስ። ለ4ኛው መልስ ነው። ግማሹን ተቀበለለት። ግን ከጊት በፊት ሊነክስ የተባለውን ሥርዓተ ክወና የሚሠሩ ሰዎች እስከ 2005 ይሠሩበት የነበረው ቢትኪፐር ውስጥ ሁለቱ ቃላት በጥንድ እንደነበሩ አስታወሰው። እኔም 4ኛው ሰው የተናገረው እውነት አለው ብዬ ጻፍኩ። ቃሉ ብቻውን ሲቆም ብዙ ትርጉም አለው። እኔ ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት ግን ጥንዱን ነው፣ ክፍሉን ያሳቀውም ጥንዱ ነው።

6ኛ እና 7ኛ መልስ። አንዲት እናት ትምህርቱ ስንት እንደሚከፈልበትና ከቃሊቲ ታክሲ እንዳለ ጠየቁ፣ ልጃቸውን ሊልኩት ፈልገው። ሌላ ሰው ቀድሞኝ መለሰላቸው፤ ቱሉ ዲምቱ ወርደው ሌላ ታክሲ ይይዛሉ። ክፍያውን በውስጥ መስመር ነገርኳቸው።

8ኛ መልስ። ከጀሞ የጻፈ፣ በአንድ የገንዘብ ተቋም ውስጥ የሚሠራ ልጅ ነው። ስም መቀየር ቀላል የሚመስላቸውን ሰዎች ይቃወማል። አንድ ምሽት የዋናውን ብራንች ስም «ሜይን» አደረገና ተኛ። ሌሊት አዲሱን ኮድ ወደ ሰርቨር የሚወስደው ስክሪፕት ግን የሚያውቀው የድሮውን ስም ነው። ፈልጎ አጣው። ጠዋት ደንበኞች ሲሰለፉ ሲስተሙ አሮጌው ላይ ነበር፣ አለቃው ጠርቶ አፋጠጠው። አዲስ ሲጀመር በደግ ስም ይጀመር፣ የሚሠራ ነገር ግን አይነካ ነው አቋሙ። ስክሪፕቶቹን ሁሉ አስቀድሞ በፍለጋ አለማየቱን ራሱ አምኗል።

9ኛ መልስ። ለ8ኛው የተሰጠ፣ ለእኔ በጣም የጠቀመኝ መልስ። ማይኤስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ ከ8.0.22 ጀምሮ አዲሶቹን ትእዛዞች ከድሮዎቹ ጎን አስቀመጠ። በ8.4 የድሮዎቹን ጨርሶ አወጣቸው። ስለዚህ «ሾው ስሌቭ ስታተስ» የሚል ስክሪፕት ያለው ሰው ወደ 8.4 ሲያድግ ስሕተት ነው የሚመጣበት። ባትነካውም ሶፍትዌሩ አድጎ ይነካሃል አለው። ከዩቲዩብ የቆየ ትምህርት እያዩ የሚገለብጡ ጀማሪዎች እዚህ ላይ እንደሚቸገሩም ጨመረ። እውነቱን ነው፣ ሁለት ተማሪዎቼ በዚሁ ምክንያት አንድ ከሰዓት አጥፍተዋል።

10ኛ መልስ። ቁጣ ነው። ይሄ የነጮች ጠብ ነው፣ እኛን አያገባንም ይላል። መብራት በሳምንት ስንት ቀን እየጠፋ፣ ልጆች የዳታ ጥቅል መግዣ አጥተው በሰው ስልክ እየተማሩ፣ ተቀምጠን ስለ ቃል እንጨቃጨቃለን። መጀመሪያ ሥራ ስጡን ነው የሚለው። የጻፈው ሰው እንደ እኔው ኮዬ ፈጬ እንደሚኖር ከጽሑፉ ያስታውቃል፤ ስለ መብራቱ ያለው ሁሉ ልክ ነው።

11ኛ መልስ። ለ10ኛው የተሰጠ ስድብ ነበር። አወያዮቹ ግማሹን አጠፉት። የቀረው ግማሽ፣ ቃሉ ያልተወረወረበት ሰው ቀላል ነው ማለት እንደማይችል የሚናገር ነው። ያለ ስድቡ ቢጻፍ ጥሩ ነበር።

12ኛ መልስ። የተረጋጋ ሰው መጣ፣ ታሪክ አስተማሪ ይመስለኛል። የነጮች ጠብ ነው ለሚለው እንዲህ መለሰ። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ስትሆን ከተነሡባት ጥያቄዎች ዋናው በአገር ውስጥ የነበረው የባሪያ ንግድ ነበር። አዋጁ የመጣው ከዚያ 18 ዓመት ቆይቶ ነው። የእንግሊዝኛው ቃል የእነሱ ይሁን፤ የአማርኛው ቃል ግን የእኛው ነው፣ ክፍል ውስጥ የተሰማው ሳቅም የእኛው ነው አለ። 10ኛው ሰው ለዚህ አልመለሰም፣ ግን ወድጄዋለሁ የሚለውን ምልክት አድርጎበታል።

13ኛ መልስ። ኤሌክትሮኒክስ የሚያስተምር ሰው ነው። ከእናንተ ይልቅ የእኛ ነገር ይብሳል አለ። ኤስፒአይ በሚባለው የቺፕ መገናኛ ላይ ሁለቱ ቃላት የሽቦዎቹ ስም ውስጥ ገብተዋል፤ የቺፑ መመሪያ ላይም ቦርዱ ላይም ታትመዋል። የኦፕን ሶርስ ሃርድዌር ማኅበር «ኮንትሮለር» እና «ፐሪፈራል» እንዲባሉ ሐሳብ አቅርቧል። የሊነክስ ከርነልም (የሥርዓተ ክወናው እምብርት) በሐምሌ 2020 ባወጣው መመሪያ አዲስ ኮድ እነዚህን ቃላት እንዳይጠቀም አለ፤ ነባር ሃርድዌር ወይም ፕሮቶኮል ራሱ በስሙ ሲያስገድድ ግን ይፈቅዳል። እሱም እንደዚያው ነው የሚያደርገው። ቦርዱ ላይ የታተመውን ለተማሪው ያሳየዋል፣ ሲያስረዳ ግን አዛዥና ታዛዥ ይላል።

14ኛ መልስ። አጭር ነው፣ ግን ከሁሉም ይልቅ ያስገረመኝ። አባቱ አቃቂ ጋራዥ አለው። የመኪና ፍሪሲዮን ሁለት ፓምፕ አለው፣ አንዱ ሲረገጥ ሌላው ይገፋል። በእንግሊዝኛው የመኪና መጽሐፍ ላይ ስማቸው እነዚሁ ሁለቱ ቃላት ናቸው። የአባቱ ጋራዥ ውስጥ ግን የላይኛው ፓምፕና የታችኛው ፓምፕ ነው የሚባሉት፣ ከድሮ ጀምሮ። ማንም ስብሰባ አልጠራም። ዕቃው ያለበትን ቦታ አይተው ስም አወጡለት፣ በቃ።

15ኛ መልስ። ዓይነ ስውር የሆነች ፕሮግራመር ናት፤ ኮዱን በስክሪን ሪደር እየሰማች ነው የምትሠራው። ውይይቱን ወደ ሌላ ቃል ወሰደችው። ለሙከራ የምንሞላውን ዳታ እኛ «ዳሚ ዳታ» እንላለን። ይሄ ቃል የመጣው መናገር የማይችልን ሰውና ደደብን በአንድ ስም ከሚጠራው የእንግሊዝኛ ቃል ነው። አማርኛም «ደንቆሮ» ሲል እንዲሁ ያደርጋል፣ የማይሰማውንም የማያውቀውንም በአንድ ያጠቃልላል። በአማርኛ መስማት የተሳነው ማለትን ለምደናል፣ ኮዱ ውስጥ ስንገባ ግን እንረሳዋለን። ናሙና ዳታ ብንለው ምን እናጣለን ብላ ጠየቀች። አንድ ሌላ ነገርም ነገረችን። አንድ ፊደል ብቻ የሆነ የቫሪያብል ስም ለሚያይ ሰው ያጥራል፣ ለምትሰማው ለሷ ግን ከሌላው ጋር ይምታታል። እኔ ይሄን አስቤው አላውቅም ነበር።

16ኛ መልስ። እዚህ ላይ ክሩ ከሁለቱ ቃላት ወጣ፤ ጥሩ ነው የወጣው። የጻፈው ሰው ከለገጣፎ ነው። እናቱን ሕክምና ይዞ ሄደ። ተራ የሚጠራው ስክሪን ላይ ነው፣ ድምፅም አለው። እናትየው ጆሯቸውን አቁመው ስማቸውን ይጠብቃሉ። ስክሪኑ ግን የሚጠራው የአያታቸውን ስም ብቻ ነው። ሦስት ጊዜ ተጠርተው አለፉ። እሳቸው እዚያው ወንበር ላይ መነጽራቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ተቀምጠዋል፣ ከሳቸው ኋላ የመጡት ገብተው ይወጣሉ። በመጨረሻ ካርድ ክፍሏ ልጅ ራሷ ወጥታ በስማቸው ጠራቻቸው። ችግሩ ዳታቤዙ ውስጥ «ላስት ኔም» የሚል ዓምድ መኖሩ ነው፣ አያት የገባው እዚያ ነው፣ ስክሪኑም ሰው የሚጠራው በዚያ ዓምድ ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው ያለን፤ ሚስትም ስታገባ ስሟን አትቀይርም። ዓምዶቹ በእነዚህ በሦስቱ ቢሰየሙ ኖሮ ስክሪኑን የጻፈው ልጅ የትኛውን እንደሚጠራ አይሳሳትም ነበር። ሰውየው ይሄን የጻፈው ተቆጥቶ ነው፣ ያስቆጣልም። ስሙ ላይ የተሳሳተው አንድ ዓምድ ነው፣ ከወንበር ያልተነሡት ግን እናቱ ናቸው።

17ኛ እና 18ኛ መልስ። ከ16ኛው ተነሥተው ስለ ጾታ ተከራከሩ። አንዷ፣ የምትጠቀምበት አፕ ሁሉ እንኳን ደህና መጣህ እንደሚላት ጻፈች። መፍትሔዋ «እርስዎ» ነው፤ ያስገቡ፣ ይምረጡ፣ ይቀጥሉ ካልን ለሴትም ለወንድም ይሆናል። ሌላው ለተማሪዎች አፕ እንደሚሠራና የ12 ዓመት ልጅ እርስዎ ሲባል ግራ እንደሚጋባ መለሰላት። እሱ በግስ ፈንታ በስም ይጽፋል፦ መግቢያ፣ ምርጫ፣ ቀጣይ። ሁለቱም ያልፈቱት ሦስተኛ መደብ ነው። ተጠቃሚው ገብቷል ስንል ተጠቃሚዋ የለችም። መግባቱ ተሳክቷል ብንልስ አልኳቸው፣ ሁለቱም እንሞክረዋለን አሉ።

19ኛ መልስ። ጡረታ የወጡ የቢሮ ጸሐፊ ናቸው። ልጃቸው ስልካቸው ላይ ከፍቶላቸው ክሩን ከላይ እስከ ታች አንብበውታል። ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርተዋል። ልጆቼ ብለው ጀመሩ። ደብዳቤ ሲወጣ ዋናው አለ፣ ከሥሩ ደግሞ ግልባጭ ተብሎ የሚሄድለት ክፍል ይጻፋል። ዋናውና ግልባጩ አንድ ቃል አይለያዩም፣ ቢለያዩ ጸሐፊዋ ትጠየቃለች። እናንተ የምታወሩት ሰርቨር የሚሠራው ይሄንኑ ከሆነ ቃሉ ድሮም አለ አሉን። እውነት ነው፣ ድሮም ነበረ። ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። እኔ ራሴ ሰሌዳው ፊት ቆሜ ሥራውን ሳስረዳ ይገለብጣል ነበር ያልኩት፣ ስሙን ግን ከዚያው ቃል ማውጣት አልመጣልኝም። እግዜር ይስጥልኝ እትዬ።

20ኛ መልስ። 8ኛው ልጅ ተመለሰ። ግልባጭ አንድ ጊዜ የሚወጣ ወረቀት ነው፣ ይሄኛው ግን በየሰከንዱ የሚታደስ ነው፤ ዋናው ሲወድቅም ተነሥቶ ዋና ይሆናል ብሎ ተከራከረ። ጥሩ ክርክር ነው። ግን ከሁለቱ አሮጌ ቃላት የትኛውም ይሄን አይነግረንም ብዬ መለስኩለት። ባሪያው ጌታ ይሆናል ብሎ ከማስረዳት ግልባጩ ዋና ይሆናል ማለት ይቀላል።

21ኛ መልስ። ስሙን አልጻፈም፣ ግን ሁለተኛው ወንበር ላይ የነበረው ልጅ መሆኑን አወቅሁ። ስለ እስክሪብቶው ስለጻፍኩት ነው የጀመረው። ባለፈው ቅዳሜ የቀረው በቃሉ ምክንያት አይደለም፤ የሥራ ፈረቃው ተቀይሮበት ነው። እኔ ግን ሳልጠይቀው ምክንያት ሰጥቼለት ለሕዝብ ጻፍኩ። ይሄ ልክ አይደለም አለኝ። ሰሌዳው ላይ ያለው የእንግሊዝኛ ቃል አላስጨነቀውም፣ መጽሐፉም ላይ አለ። የሰማው ሳቁን ነው። ከኋላ የተባለውንም ሰምቶታል። ስሙ ቢቀየር ደስ ይለዋል፣ ግን ያን ቀን የፈለገው አስተማሪው ሳቁን እንዲያስቆም ነበር። ሌላ ምንም አልጨመረም።

እዚያው ክሩ ላይ ይቅርታ ጠየቅሁት። ስለሱ ከመጻፌ በፊት ደውዬ ልጠይቀው ይገባ ነበር። ትናንት ቅዳሜ ፈረቃውን አስተካክሎ መጣ። ትምህርት ከመጀመሬ በፊት የዛሬ ሁለት ሳምንት ዝም ማለቴ ጥፋት እንደነበር በሁሉም ፊት ተናገርኩ፣ የሱን ስም ሳላነሣ። ከኋላ የተናገረው ልጅም በዕረፍት ሰዓት ወደሱ ሄዶ ሲያወራው አየሁ። ምን እንደተባባሉ አልጠየቅሁም።

22ኛ መልስ። ዛሬ ጠዋት የገባ ነው። የጻፈችው ያቺ ከፊት የምትቀመጠው፣ የቃሉን ትርጉም የጠየቀችኝ ልጅ ናት። ሁለት ላፕቶፕ አገናኝተው ከሁለተኛው ወንበር ልጅ ጋር እየሞከሩ ነው። ሌሊት መብራት ጠፍቶ ግልባጩ ያለበት ላፕቶፕ ባትሪው አልቆ ተዘጋ፤ ዋናው ግን መሥራቱን ቀጠለ። መብራት ሲመጣ ግልባጩን ከፈቱት፣ ግን ዋናው ላይ ያለውን ያህል መስመር የለውም። ተበላሽቷል ወይስ እየደረሰ ነው ብላ ጠየቀች። «ሾው ሬፕሊካ ስታተስ» ብላችሁ «ሰከንድስ ቢሃይንድ ሶርስ» የሚለውን ቁጥር እዩ ብዬ መልሼላታለሁ። እየቀነሰ ከሄደ ግልባጩ እየደረሰ ነው፣ ጠብቁት። ቁጥሩ ጠፍቶ «ነል» (ባዶ) ካለ ግን መገልበጡ ቆሟል፤ ያን ጊዜ ከሥሩ ያለውን የስሕተት መስመር ሙሉውን ገልብጣችሁ እዚሁ ለጥፉልኝ።